ለቲሸርት የተሣለ ፊደል

መስከረም 2000 ዓ.ም. ሲጠባ አዲስ አበባ ውስጥ ጽሑፍ የሌለበት ደረት ማግኘት ይቸግር ነበር። ሚሊኒየሙን የሚያበሥር ቲሸርት ያልለበሰ ወጣት አልነበረም፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ «2000»። ከዚያ በፊትም በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በየኅዳሩ ብዙ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ስለሚያለብስ፣ የእኛ ሰፈር የአስኮ ሰው እንጨት ሲፈልጥም ልብስ ሲያጥብም የአምና የካቻምናውን የሩጫ ቲሸርት ለብሶ ነበር። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ፊደሉ ላይ ነው። የላቲኑ ጽሑፍ ደረቱን ሞልቶ ተንጣሎ ሲታይ፣ አማርኛው ከሥሩ ቀጥኖና ተጨፍልቆ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ ደግሞ ጨርሶ አይነበብም። ይህ ያናድደኝ ነበር። የገዛ ፊደላችን በገዛ በዓላችን ቀን ጥግ ይዞ መቆሙ ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ያኔ የምሠራው አስኮ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ልምድ መጻፍ፣ መታወቂያ ኮፒ ማድረግ፤ ቀኑ በዚህ ያልቃል። ኮምፒዩተሩ ፔንቲየም 4 ሆኖ ስክሪኑ ጀርባው የወፈረ የድሮ ዓይነት ነው። ውስጡ ኮርል ድሮው 12 የሚባል የዲዛይን ፕሮግራም ተጭኖ ነበር። ለሠርግ ጥሪና ለቢዝነስ ካርድ ታስቦ ቢጫንም የሚከፍተው አልነበረም። አንድ ማታ የቤቷን ባለቤት «እትዬ፣ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ልቆይ?» አልኳቸው። «መብራቱን አጥፍተሽ ቁልፉን ለዘበኛው ስጪ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሕይወቴ በዚያ ፈቃድ ላይ ነው የቆመው።

አስተማሪ አልነበረኝም። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ቪዲዮ ማየት በዚያን ጊዜ ፍጥነት የሚታሰብ አልነበረም። የነበረኝ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ መመሪያና የራሴ ድርቅና ነው። ክብና አራት ማዕዘን ሥዬ አንዱን በሌላው መቁረጥ፣ ሁለቱን መበየድ፣ የተደራረቡበትን ብቻ ማስቀረት፤ እነዚህን ሦስት ሥራዎች ካወቅሁ በኋላ በዙሪያዬ ያለውን ሁሉ በእነሱ መሥራት ጀመርኩ። የሳሙና መጠቅለያ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ የታክሲ መብራት። ቀጥ ያለውና ክቡ ቶሎ ገባኝ። ያስቸገረኝ እንደ ልቡ የሚዞረው መስመር ነው።

በኮርልም ሆነ በመሰሉ ፕሮግራም በኢለስትሬተር መስመር የሚታጠፈው ነጥብ ተቀምጦ፣ ከነጥቡ የሚወጡ ሁለት እጀታዎች እየተሳቡ ነው። ይህ ስሌት የታወቀው ፒየር ቤዚዬ በሚባል ፈረንሳዊ የሬኖ መሐንዲስ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የመኪና አካል ለመሣል ተጠቀመበት። ስሙንም ታሪኩንም ያኔ አላውቅም። የማውቀው መስመሬ ሁሉ ጎርበጥባጣ መሆኑን ነው፤ ባልተስተካከለ ቁጥር አንድ ነጥብ እጨምራለሁ።

አስኮ የጫማ ፋብሪካ ሰፈር ነው። ብዙ ቤተሰብ ያደገው በጥቁር ዓባይ ጫማ ፋብሪካ ደመወዝ ነው፤ በየቤቱ ቆዳ የቆረጠ፣ ሶል የለጠፈ፣ በማሽን የሰፋ ሰው አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን ጋሼ፣ የጡረታ ወረቀታቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ስክሪኑን ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ለብዙ ዘመን ለጫማ ፊት የሚሆነውን ቆዳ በካርቶን ቅርጽ እየለኩ የቆረጡ ሰው ናቸው።

«ምልክቱ በዛ፣ ልጄ» አሉኝ።

«መስመሩ እንዲስተካከል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«አይስተካከልም። ጫፉ የት እንደሚደርስ፣ ሆዱ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚመለስ ምልክት አድርጊ። መሐሉን ለራሱ ተይለት።»

አንድ ዙር ሙሉ በብዙ ነጥብ የሠራሁትን አጥፍቼ በአራት ነጥብ ብቻ ደገምኩት፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ ጽንፉ ላይ። መስመሩ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ኋላ ስለ ፊደል ሥራ የተጻፈ ሳነብ፣ ፊደል የሚሠሩ ባለሙያዎች ነጥብ የሚያስቀምጡት ጽንፍ ጽንፉ ላይ እንደሆነ ተጽፎ አገኘሁ። የጫማ ፋብሪካው ሰው ግን ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም።

በ2001 ዓ.ም. ከክረምቱ በፊት የኃይል እጥረቱ ከፋና መብራት በፈረቃ ሆነ። መብራት የሌለ ቀን ካሬ ደብተር ይዤ በሻማ ፊደል እሥል ጀመር። ሀ ከፍታው ስንት ካሬ ነው፣ የጠ እግሮች በምን ያህል ይራራቃሉ፣ የመ ሁለቱ ዓይኖች እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይሰፋል። ፊደልን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቅርጹን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት ግን በዚያ ጨለማ ነው። መብራት ሲመጣ ከደብተሩ ወደ ስክሪን እገለብጠዋለሁ።

ለምን ካለው ፎንት አልተጠቀምሽም የሚለኝ ነበር። በጽሕፈት ቤታችን የምንጽፈው በፓወር ግዕዝ ነው፤ ለደብዳቤ ግሩም ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ በየሰፈሩ ኮምፒዩተር ላይ የነበሩት ፎንቶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተሠሩ ነበሩ። በላቲን ፊደል ወንበር ላይ አማርኛውን ያስቀምጡታል፤ አንዱ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስላለው የእኛ ፊደል ከነዝርያው በአንዱ አይበቃውም፣ በሁለትና በሦስት ፋይል ይከፈላል። ፎንቱ ወደሌለበት ማተሚያ ቤት ፋይሉን ይዘሽ ብትሄጂ የሚወጣው የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። መድኃኒቱ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ነው፤ በኮርል ኮንትሮልና ኪው። ያኔ ፊደሉ ፊደልነቱን ትቶ መስመር ይሆናል፣ የትም ቢከፈት አይበታተንም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ትርፍ ነበረው፤ መስመር ከሆነ ልነካው፣ ላሰፋው፣ ላጥበው እችላለሁ ማለት ነው።

የ2002 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ የሰፈራችን ልጆች መጡ። ታቦት ሲወጣ ምንጣፍ የሚያነጥፉ፣ ከፊት ከፊት እየጠቀለሉ እየዘረጉ ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚሄዱ ናቸው። የገንዘብ መሰብሰቢያ ደብዳቤያቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት በየደብሩ አንድ ዓይነት ቲሸርት ማሠራት እየተለመደ ስለነበር እነሱም አማራቸው። «እህታችን፣ አንቺ ሥሪልን» አሉኝ።

መጀመሪያ ያሰቡት የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያቸው ግን ቅዱስ ሥዕል ላብና አቧራ ላይ አይውልም፣ ታጥቦ ገመድ ላይ አይሰጣም ብለው ከለከሉ። ልጆቹ አዘኑ፤ እኔ በልቤ አስተማሪውን አመሰገንኩ። ሥዕል ከሌለ ደረቱ ሙሉ የፊደል ነው።

እንደ ፈረንጁ ቲሸርት ጽሑፉን በቅስት ማድረግ ሞከርኩ። ፕሮግራሙ ያለ ችግር ያጥፈዋል፤ ነገር ግን የእኛ ፊደል እግር ያለው ነው። በቅስት ላይ ሲቆም ጎን ለጎን ያሉ ፊደላት ራሳቸው ይራራቃል፣ እግራቸው ይጋጫል፤ ዋናው ፊደልና ዝርያው ተለይተው አይታወቁም። ስለዚህ ቅስቱን ተውኩና ሁለት ፎቅ አደረግሁት። ላይ «ቅዱስ»፣ ታች «ገብርኤል»፣ ሁለቱም እኩል ስፋት። ሦስት ፊደል ከአምስት ፊደል ጋር እኩል እንዲሆን የላይኞቹን ማስፋት አለብኝ። እንዲሁ ወደ ጎን ብለጥጣቸው ቋሚው መስመር ሁሉ ይወፍራል፣ አግዳሚው ግን እንዳለ ይቀራል። እያንዳንዱን ነጥብ በነጥብ ሳብኩት፤ የቅን ዓይን አሰፋሁ፣ የዱን እግሮች አራራቅሁ፣ የመስመሩ ውፍረት ግን ከታቹ ጋር አንድ ሆኖ ቀረ። ጀርባው ላይ «አስኮ» እና በግዕዝ ቁጥር ፳፻፪።

ሕትመቱ መርካቶ ነው፤ ከአስኮ በዊንጌትና በጳውሎስ በኩል በሚኒባስ ወርጄ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ገባሁ። አታሚው በዕድሜ የጠኑ፣ ጥፍራቸው ውስጥ ቀለም የማይጠፋ ሰው ናቸው። ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ያተምኩትን ዲዛይን ወደ መስኮቱ ዘርግተው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ኤ እግር ሥር ባለችው ቀለበት ላይ፣ ቀጥሎ ከኮ ጋር በምትጣበቀው ላይ አሳረፉ።

«እነዚህ ይደፈናሉ» አሉ። «ጨርቅ ወረቀት አይደለም። ቀለሙ ትንሽ ይሰፋል። ቀለበቷ ስትደፈን ኤ አይባልም፣ ኮም አይባልም። ሁሉም የሚያመጣልኝ ከደብዳቤ ላይ የተነሣ ፊደል ነው።»

«ምን ያህል ትስፋ፣ ጋሼ?»

ከኪሳቸው ክብሪት አወጡ። «ከክብሪት እንጨት የቀጠነ መስመር፣ ከክብሪት እንጨት የጠበበ ቀዳዳ አታምጪልኝ።»

መስከረም 2000 የጀመረው ጥያቄዬ የተመለሰው እዚህ ነው። ላቲኑ አብዛኛውን ጊዜ የድምፁን ልዩነት በሌላ ሙሉ ፊደል ይናገራል። እኛ ዘንድ አናባቢው ያለው በአንዲት ቀለበት፣ በአንዲት ጭረት፣ በእግር ማጠር ነው። ጨርቅ ላይ መጀመሪያ የሚሞተውም እሱ ነው። ፊደሉን ያሳነሱት ሰዎች ንቀውት ሳይሆን ለወረቀት የተሠራውን ለጨርቅ ስለሰጡት ነው። ጠላት ሳይሆን ሥራ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ሥራ ከሆነ ይሠራል።

ወደ አስኮ ተመልሼ ስምንቱንም ፊደላትና «አስኮ»ን እንደገና ሣልኩ። የኤን ቀለበት አሳደግሁና እግሩን አሳጠርኩ፣ ቦታ እንዲያገኝ። የብን የግራ ጭረት አወፈርኩ። የገ እግር ከጎኑ ካለው ብ ጋር እንዳይጣበቅ ትንሽ አሸሸሁት። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ቅጥ ያጣ ይመስላል፣ ቀለበቱ የትየለሌ ነው። በሁለተኛው ጉዞ አታሚው ወደ መስኮቱ ዘርግተው አዩና «ይሄ ጨርቅ ያውቃል» አሉ።

ሥራቸውን ቆሜ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ከእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ መረብ ነው፤ ብርሃን የሚያጠነክረው ፈሳሽ በጨለማ ይቀባና ይደርቃል። የእኔ ወረቀት ላዩ ላይ ይጣላል፣ መብራት ይበራበታል። ብርሃን የነካው ይጠነክራል፤ ጥቁሩ ፊደል የሸፈነው ሳይጠነክር ይቀርና በውኃ ታጥቦ ይወርዳል። ቀለሙ የሚያልፈው በዚያ ክፍት በቀረው ነው። በእጅ ከካርቶን የሚቆረጥ ቅርጽ ማውጫ ቢሆን የመ ዓይን፣ የቀ ሆድ ወድቆ ይቀር ነበር፤ መረቡ ግን እነዚያን ደሴቶች በክሩ ይዞ ያቆማቸዋል። ሁለት ቀለም ስለነበረ ሁለት ፍሬም ሠራን። አንዱ በሌላው ላይ በትክክል እንዲያርፍ በዲዛይኑ አራት ማዕዘን ላይ መስቀል ምልክት አድርጌ ነበር፤ እሱን ከመመሪያው ነው የተማርኩት። ላስቲክ ጠርዝ ያለውን መግፊያ ይዘው አንዴ ጎትተው ፍሬሙን ሲያነሱት ነጩ ቲሸርት ላይ «ገብርኤል» ተጻፈ። የኤ ቀለበት ክፍት ነበረች። ያቺን ቀዳዳ ደግሜ ደጋግሜ አየኋት። ከወረቀቱ ይልቅ ጠበብ ብላለች፣ አታሚው እንዳሉት፤ በትክክል ለዓይን በሚመች ልክ።

ጥር 10 ከተራ ልጆቹ ቲሸርቱን ለብሰው ወጡ። ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው በትከሻ ተሸክመው ወደ ፊት ሲሮጡ ጀርባቸው ይታየኛል፣ ሲያነጥፉ ዞረው ደረታቸው ይታየኛል። መንገድ ማዶ የቆሙ አንዲት እናት ከሩቅ ፊደል በፊደል እያነበቡ እልል አሉ። ሰው ከመንገድ ማዶ የሚያነበው አማርኛ በቲሸርት ላይ ሠርቼ ነበር። በእግዚአብሔር ስም እላለሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ደመወዝ እስካሁን አልተከፈለኝም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ቶሎ ቶሎ ተለወጠ። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ የየሰፈሩ ቲሸርት የበዓሉ አካል ሆኖ ነበር። አሁን ዲዛይኑ በፕላስቲክ ፊልም ታትሞ በሙቀት የሚለጠፍበት ማሽን መጥቷል፤ ብዙ ቀለም በአንድ ጊዜ፣ ለአንድ ቲሸርትም ቢሆን። ኢንክስኬፕ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ዩኒኮዱንም ያውቃል። ልጆች በስልካቸው ዲዛይን ያደርጋሉ። በቴክኖሎጂው አልከራከርም። የምከራከረው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ፊደሉን ሳይነኩ፣ ለስልክ ስክሪን የተሠራውን እንዳለ አንሥተው ደረት ላይ ይለጥፋሉ። ፊልሙም ቢሆን ቀጭን ጭረት ሲታጠብ ቶሎ ይነሣል።

ስለዚህ የጨርቅ ፊደሎቼን ማጠራቀም ቀጠልኩ። ለማኅበር፣ ለምረቃ፣ ለእግር ኳስ ቡድን፣ ለሐዘን በሠራሁ ቁጥር የደረሱብኝን አዳዲስ ፊደላት እሥልና ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። የሙሴን ሴ፣ የጴጥሮስን ጴ፣ የሠላሳን ሠ። የመርካቶው አታሚ ሌላ ደንበኛ አማርኛ ሲያመጣባቸው «ፊደሉን አስኮ ላለችው ልጅ ስጧት» እያሉ ይልኩልኝ ነበር፤ በመጨረሻ ፋይሉን ለራሳቸው በፍላሽ ገለበጥኩላቸው። እስካሁን ያልሣልኳቸው ቀላል አይደሉም። ቧ፣ ጓ፣ ኳ፤ እነዚህ ድርብ ምልክታቸው ከክብሪት እንጨት ልክ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ገና እየሠራሁበት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈር ቡድን «ቋራ» የሚል ማሊያ አዞኛል፤ ቋን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።