ፎቅ ላይ የወጣው ውሻ

እኔ የተወለድኩት ከሚዛን አማን ወደ ማጂ በሚወስደው መንገድ፣ ቱም ነው። እዚያ ውሻ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም አይጠይቅም። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ በቆሎ ሲደርስ ዝንጀሮና ጃርት ያባርራል። ድመት ደግሞ ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገዝተን አራተኛ ፎቅ ላይ ስንገባ፣ እናቴ በስልክ መርቃን ስትጨርስ «ውሻው እዚያ ላይ ሆኖ ምን ይጠብቃል?» አለችኝ። ስቄ አለፍኩት።

ቤቱ የ20/80 ነው። ዕጣ የደረሳቸው ሰው የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ካለቀ በኋላ ሸጡልን። ከዚያ በፊት ለዓመታት ግቢ ተከራይተን ስለኖርን ቡቺም ድመቷም የለመዱት አፈርና አጥር ነው። ድመት ቦታ አጥብቃ ትለምዳለችና ወደ ድሮው ሰፈር እንዳትጠፋ ሦስት ሳምንት በር ዘግተን፣ በሳፋ አሸዋ አድርገን አቆየናት። ቡቺ የራሱን ሽታ እንዲያገኝ ደግሞ አሮጌ ብርድ ልብሱን ሳናጥብ አመጣንለት። ባለቤቴ በረንዳውን በሽቦ ወንፊት ከለለው።

እሱ ሽቦውን ሲያስር እኔ ዘዳግም 22፥8ን አነበብኩ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ እግዚአብሔር ያዝዛል። የዚያ ዘመን ጣራ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰው ይቀመጥበታል፣ ያድርበታልም። ወገኖቼ፣ ቤት ስናገኝ አመስጋኞች ነን፤ ይህን ክፍል በቤት ምስጋና ጸሎት ላይ ሲነበብ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቤቱ ያንተ ነው፣ በእሱ ምክንያት ሌላው ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ያንተ ነው የሚል ትእዛዝ ነው።

እኛን ያስጨነቀን ደረጃው ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ያለቻት ሙስሊም ጎረቤት አለችን። ልጅቷን ድሮ ሰፈራቸው ውሻ ነክሷት ነበር። የቡቺ ጥፍር ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ከእኩዮቿ ጋር ለመጫወት መውረድ አቆመች። ፍርሃቷ የቅብጠት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። እናትየውም የውሻ ምራቅ የነካውን ልብስ ሳታጥብ አትሰግድበትም።

በአዋጅ 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣራውና ግቢው የሁላችንም ነው። ቡቺን ይዞ መውረድ የሚከለክለን የለም፤ ልጅቷም የመውረድ መብት አላት። ሕጉ ከዚህ አያልፍም። (በዓል ሲደርስ በየበረንዳው በግ ሲጮኽ የሚያድረውን ማንም አቤት አይልበትም። የሚቃወመው ቡቺ ብቻ ነው።)

ለቤት ምስጋና የመጡ አንድ ወንድም ራእይ 22፥15ን ጠቅሰው ውሻ በውጭ ነውና ስጡት አሉን። ያ ክፍል የሚናገረው ስለ ሰዎች ኑሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ምሳሌ 12፥10 የጻድቅን ሰው ለእንስሳው ነፍስ በመጠንቀቁ ይገልጸዋል፤ የዮናስ መጽሐፍም እግዚአብሔር ለነነዌ ሲራራ እንስሳቱን ቆጥሮ ያበቃል። ከነናዊቷ ሴት ከገበታ በታች ፍርፋሪ ይበላሉ ስላለቻቸው ውሾች ስትናገር የግሪኩ ቃል ትንንሽ ውሾችን ያመለክታል። ቡቺ ስምንት ዓመት አገልግሎናል፤ አንጥለውም። ሆኖም ከእነዚህ ክፍሎች አንዱም ውሻ ከልጅ ይቅደም አይልም።

ስለዚህ አጥሩ እኛ ሆንን። ባለቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሰው ሳይነሳ ቡቺን በአጭር ማሰሪያ፣ አፉን አስሮ ያወርደዋል፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ይደግማል። ቀን አይወርድም። የክትባት ካርዱን ወስጄ ለጎረቤታችን አሳየኋት። ደረጃውን በየቀኑ በበረኪና እናጥባለን። ባለቤቴ በክረምቱ ብርድ ሲነሳ ያጉረመርማል፣ ግን ይነሳል።

ልጅቷ መውረድ ጀምራለች። ቡቺን አልነካችም፣ እንድትነካውም አንጠይቃትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከእናቷ ኋላ ተደብቃ «ስሙ ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «የድመቷስ?» አለች። ድመታችን ስም እንደሌላት ስነግራት በጣም ተገረመች። ማታ ሦስት ስም የተጻፈበት ወረቀት በበራችን ሥር አገኘን። ገና አልመረጥንም።