የሁሉም የሆነ የማንም አይደለምን?

በመዝገብ ቤት ሥራ ዕድሜውን የሚያሳልፍ ሰው «ፈቃድ» የምትለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማት ቢቈጥር ራሱም ይገረማል። የንግድ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ሁሉም በዶሴ ታስረው በፊቴ ያልፋሉ። እኔም በዚህ ሥራ ዐሥራ አንድ ዓመት ስቈይ፣ ፈቃድ ማለት ባለጉዳይ የሚደክምበት፣ ጸሐፊ የሚሰለችበት፣ ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ነው ከማለት በቀር ሌላ ትርጕም ሳልፈልግለት ኖርሁ። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ፣ ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም፣ አንድ የመዝናኛ መሣሪያ ነው። አንባቢ ይፍረደው ብዬ እንደ ሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር በለንደን ከተማ የሚኖሩት ታላቅ ወንድሜ ልጃቸውን ሲድሩ፣ እኔም የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ለሠርጉ ሄድሁ። ወንድሜ በዚያ አገር ከሃያ ዓመት በላይ የቈዩ፣ አውቶቡስ በመንዳት ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። የሠርጉ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ማታ ከዕቃ ቤታቸው ረጅም በትር የመሰለ ነገር አውጥተው አሳዩኝ። በታችኛው ጫፉ ሳሕን የሚያህል ክብ ነገር፣ በእጀታው በኩል ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ነበረበት።

«ብረት መፈለጊያ ነው» አሉኝ።

በክቡ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ በኤሌክትሪክ ኀይል የማግኔት መስክ ወደ መሬት ይሰዳል፤ ከሥሩ ብረት፣ ነሐስ፣ ብር ወይም ወርቅ ያለ እንደ ሆነ መሣሪያው ምላሹን ተቀብሎ በጆሮ ያሰማል። በዚያ አገር ብዙ ሰው በዕረፍቱ ቀን ዓሣ እንደሚያጠምደው ሁሉ፣ ሌላውም ይህን በትር ይዞ ከሜዳ ሜዳ ሲዘዋወር ይውላል። ወንድሜም ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤታቸው ተምረው ይህንኑ ልማድ አድርገውታል።

ከቤታቸው ፊት ለፊት ሰፊ መናፈሻ ስለ ነበረ፣ «ጋሼ፣ ለምን እዚሁ አንሞክረውም? የሕዝብ አይደለም ወይ?» አልኋቸው።

«የሕዝብማ ነው፤ የማንሞክረውም ስለዚሁ ነው» ብለው መለሱልኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሣቅሁ። እርሳቸው ግን ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ወፍራም ዶሴ ይዘው ተመለሱ። እኔ ወርቅ ያሳዩኛል ብዬ ስጠባበቅ፣ የወጣው እኔ ከአገሬ ሸሽቼው የመጣሁት ወረቀት ሆነ!

ከዶሴውም እንዲህ ተረዳሁ። በእንግሊዝ አገር ባለቤት የሌለው መሬት የለም። መናፈሻው የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ አንዳንዱ ምክር ቤት ፈቃድ ይሰጣል፣ ብዙው ግን ይከለክላል። በለንደን ያሉት የንጉሣዊ መናፈሻዎች ፈጽሞ አይፈቅዱም። የቴምዝ ወንዝ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው ዳርቻም ማንም የሚመላለስበት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ለመፈለግ የለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በእጅ ላዩን ማገላበጥ እንኳ ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ተራው ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን ከሰባት ሴንቲሜትር ተኩል ጠልቆ እንዲቈፍር አይፈቀድለትም። በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የጠያቂው ቍጥር እጅግ ስለ በዛ፣ ባለሥልጣኑ አዲስ ፈቃድ መስጠቱን እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። በመዝገብ ተለይተው በተጠበቁት ጥንታዊ ቦታዎች ላይ ደግሞ በ1979 የወጣው ሕግ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀምን ራሱን ወንጀል አድርጎታል።

ፈቃድ አግኝቶ የፈለገ ሰውም ያገኘውን ሁሉ ዝም ብሎ ኪሱ አይከትም። በ1996 በወጣው የተቀበረ ሀብት ሕግ መሠረት፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና ከመቶው ቢያንስ ዐሥሩ እጅ ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ፣ እንደዚሁም በአንድነት የተገኙ ጥንታዊ የወርቅና የብር ሳንቲሞች፣ ኮሮነር ለሚባለው ሹም በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ መነገር አለባቸው። ያልተናገረ እስከ ሦስት ወር ሊታሰር ይችላል። ቤተ መዘክር ዕቃውን የፈለገው እንደ ሆነ ዋጋው በዐዋቂዎች ተገምቶ፣ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ለአግኚውና ለባለመሬቱ እኩል ይከፈላል። ከዚህ ደረጃ ያልደረሰውንም ዕቃ በፈቃደኝነት የሚመዘግብ ድርጅት ከ1997 ጀምሮ ተቋቁሞ፣ ዛሬ የመዘገበው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኗል።

በማግስቱ ወንድሜ ፈቃዱን በጽሑፍ ወደ ሰጣቸው ገበሬ፣ ከለንደን ወጣ ወዳለው ወደ ኤሴክስ አውራጃ ወሰዱኝ። አጨዳው ያለቀ ማሳ ነበረ። እስከ ቀትር ድረስ ያገኘነው ሁለት ምስማር፣ አንድ የጠርሙስ ክዳን፣ ጥቂት ቍልፎችና በንግሥት ቪክቶርያ ዘመን የተመታ አንድ የነሐስ ሳንቲም ነው። እኔ ተስፋ ቈርጬ ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። ወንድሜ ግን ያችን ሳንቲም በትንሽ ከረጢት ከትተው፣ ቀኑን፣ ማሳውን፣ የተገኘችበትን ልክና ጥልቀቷን በደብተር ጻፉ።

«ለአንዲት ሳንቲም ይህን ያህል ድካም ለምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሳንቲሚቱን ገበያ ብትሄድ በርካሽ ታገኛታለህ፤ እዚህ መገኘቷን ግን ከየትም አትገዛውም» አሉኝ።

ይህ ቃል የገባኝ በብሪቲሽ ሙዚየም የሆክስንን ሀብት ባሳዩኝ ጊዜ ነው። በኅዳር 1992 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በሰፎክ አውራጃ ሆክስን በምትባል መንደር፣ አንድ ገበሬ መዶሻው ጠፋበት። ወዳጁ ኤሪክ ሎውስ፣ ጡረታ የወጣ አትክልተኛ፣ መዶሻውን ልፈልግልህ ብሎ መሣሪያውን ይዞ ወጣ። ያገኘው ግን የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና የሳንቲም ክምር ነበረ። ማሳውም የገበሬው የራሱ ሳይሆን የአውራጃው ምክር ቤት፣ ማለት የሕዝብ መሬት ነበረ። ሰውየው ጥቂት እንዳወጣ ቍፋሮውን አቁሞ ለሚመለከታቸው ነገረ። የጥንት ጥናት ዐዋቂዎች መጥተው የቀረውን በሥርዓት ስላነሡት፣ ወደ ዐሥራ አምስት ሺሕ ከሚጠጉት የሮማውያን ሳንቲሞችና ከሁለት መቶ ያህል ዕቃዎች ጋራ፣ ሀብቱ የተቀበረበት ሣጥን ምን እንደሚመስልና ዕቃው በውስጡ እንዴት ተደርድሮ እንደ ነበረ ጭምር ታወቀ። ሎውስ የተሰጠውን 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ከገበሬው ጋራ ተካፈለ። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ የሙዚየሙ ንብረት ነው።

ተቃራኒውንም ነገሩኝ። በ2015 በሄርፎርድሺር አውራጃ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ የተቀበረ ሀብት አገኙና ለሹም ሳይናገሩ እየከፋፈሉ ሸጡት። በ2019 ፍርድ ቤት የብዙ ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ ነገር ግን ሦስት መቶ ያህል ይሆናሉ ተብለው ከተገመቱት ሳንቲሞች እስከዚያ ድረስ የተገኙት 31 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል የዌሴክሱ ንጉሥ አልፍሬድና የመርስያው ንጉሥ ቼዎልዉልፍ በአንድነት ያሳተሟቸው ይገኙባቸዋል። ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን ንጉሥ የወራሪዎች አሻንጉሊት እያሉ ሲንቁት ኖረው፣ እነዚህ ሳንቲሞች ግን የአልፍሬድ ባልንጀራ እንደ ነበረ መሰከሩለት። የቀሩት ምን ሊናገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

ወንድሜ ይህን ከነገሩኝ በኋላ፣ «በእኛ አገርስ ገበሬ ሲያርስ አንድ ነገር ቢያገኝ ለማን ይናገራል?» ብለው ጠየቁኝ። አፌ ተያዘ። ምክንያቱንም ለእርሳቸው ያልተናገርሁትን ለአንባቢ ልናዘዝ።

ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት በሰሜን ባለ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ አረጋዊ ገበሬ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ከኩታቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈቱ። አረንጓዴ ዝገት የያዛት፣ በአንድ በኩል የመስቀል ምልክት ያለባት ትንሽ ሳንቲም ነበረች።

«ልጄ፣ ማሳዬን ሳርስ አገኘኋት። የመንግሥት ነገር ብትሆንስ ብዬ አመጣኋት» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይህ የእኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም። ከቀበሌዎ ደብዳቤ አጽፈው፣ ከማመልከቻ ጋራ ይምጡ» አልኋቸው።

«እሺ ልጄ» ብለው ቋጠሯቸውን መልሰው ቋጠሩ። ሁለተኛ አልመጡም። ስማቸውን አልጻፍሁም፤ መንደራቸውንም አልጠየቅሁም። በአክሱም ነገሥታት ዘመን መስቀል የታተመባቸው ሳንቲሞች ይመቱ እንደ ነበረ በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን የታየኝ የሳንቲሚቱ መስቀል ሳይሆን የማኅተሙ መጕደል ነበረ።

ከለንደን ከተመለስሁ በኋላ ሕጉን አውጥቼ አነበብሁት። አገራችን በዚህ ነገር ሕግ ያጣች አይደለችም። በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 229 ስለ ጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ ታውጆ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ደግሞ፣ ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ከከለከለ በኋላ፣ በእርሻም ይሁን በግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው አዘዘ፤ ላስረከበውም ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ደነገገ። እንግዲህ እኒያ ፊደል ያልቈጠሩ አረጋዊ ሳያነቡት ሕጉን ፈጽመውታል፤ ያልፈጸምሁት ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ነኝ።

ከለንደን ልነሣ በነበረበት ዋዜማ ወንድሜ አሮጌውን መሣሪያ በሻንጣዬ አጠገብ አኑረው፣ «አዲስ ገዝቻለሁ፤ ይህን ለአንተ አስቤው ነበር። ይገባል አይገባም የምትለው ግን አንተ ነህ» አሉኝ። አልዋሽም፤ ያን ሌሊት ያላገኘሁትን ወርቅ ስቈጥር አደርሁ። በሐሳቤ የማላውቀውን የእኒያን ገበሬ ማሳ ፈልጌ አገኘሁ፤ በትሩንም ይዤ በጨለማ ገባሁበት። ጎሕ ሲቀድ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሽማግሌው በቀን ብርሃን ይዘውት የመጡትን እኔ ሳልቀበል፣ ያልተሰጠኝን በሌሊት ልፈልግ መነሣቴ ምን የሚሉት ነው? መሣሪያውን እዚያው ትቼ መጣሁ።

መናፈሻው የሁሉም ከሆነ የማንም አይደለም ያልሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ግን የሁሉም የሆነ ነገር ከሁሉም ይልቅ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው፣ ፈቃድ የሚባለውም ወረቀት ባለቤቱ ሕዝብ «ማን ገባ? ምን አገኘ? ከየት አነሣው?» ብሎ የሚጠይቅበት አንደበቱ እንደ ሆነ አምናለሁ። ይህን የማይጠይቅ ፈቃድ በእርግጥ ባዶ ማኅተም ነው። የሚከለክል ብቻ እንጂ የሚቀበል ሰው የሌለው ሕግም የተገኘውን ሁሉ ወደ ነጋዴ ከረጢት ይነዳዋል።

ስለዚህ በየወረዳው የምትገኙ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ቋጠሮ ይዞ የመጣውን ሰው «የእኛ ክፍል አይደለም» ብላችሁ አትመልሱት። ወንበር ስጡት፤ ስሙን፣ መንደሩን፣ ማሳውንና ቀኑን ጻፉ፤ ወደሚመለከተው ክፍልም ራሳችሁ አድርሱት። መምህራንም ለተማሪዎቻችሁ፣ የተገኘ ነገር ከተገኘበት ቦታ ጋራ ካልተነገረ እኩሌታው እንደ ጠፋ ቍጠሩት ብላችሁ ንገሩልን።

እኔ በጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደብተር አኑሬያለሁ። ወደዚያ ወረዳም ለቀድሞ ባልደረባዬ ጽፌ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በኩታቸው ቋጥረው የመጡ አንድ አረጋዊ ገበሬ ያስታውስ እንደ ሆነ ጠይቄዋለሁ። መልስ እስካሁን አልመጣም። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ «አንዲት ሳንቲም፣ ባለ መስቀል» ብዬ ጽፌአለሁ፤ የአግኚው ስምና የተገኘችበት ቦታ የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶውን ነው።