ሰንሰለት ለምን ላላ ይበል?

በሐረር ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ሰንሰለት ማጥበቅ ያውቃል፤ በልኩ ላላ አድርጎ መተውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ ለሌላው ሰው የጋራዥ ወሬ ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን ጠዋት ጠዋት ልጃችንን ከኋላ አፈናጥጠን ወደ ትምህርት ቤት የምናደርስ፥ ለመንግሥት ሥራም የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ወደ ድሬዳዋ የምንመላለስ ስለ ሆነ፥ ነገሩን እንደ ቀላል ልናየው አልቻልንም። ሰንሰለት ከቦታው ወጥቶ በሞተሩና በፊተኛው ጥርሳም ብረት መካከል ከተሰነቀረ የኋላው ጎማ በድንገት ይያዛል፤ በቁልቁለት ላይ ይህ የሆነበት ሰው ምን እንደሚያገኘው አንባቢ ራሱ ይገምተው።

አንድ መምህር ወዳጃችን፥ ሰንሰለት እንደ ክራር ክር ካልተወጠረ የሞተር ኀይል በከንቱ ይባክናል እያለ አጥብቆ ይከራከረን ነበር። ክርክሩን በቃል ከማርዘም ይልቅ የእኛን ሞተር ሳይክል አቁመን፥ ሞተሩን አጥፍተን፥ ሁለታችንም ኮርቻው ላይ ተቀመጥን፤ በአጠገባችን የነበረ ተማሪም የታችኛውን ሰንሰለት በእንጨት ወደ ላይ እንዲገፋው አደረግን። ቀድሞ እንደ ልብ ይወዛወዝ የነበረው ሰንሰለት አሁን ከጥቂት በቀር አልነቃነቅ አለ።

«ታዲያ የእኔው እንዴት ሊሆን ነው?» አለ ወዳጃችን።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኋላውን ጎማ የያዙት ሁለት ክንዶች መታጠፊያቸው ከፊተኛው ጥርሳም ብረት ወደ ኋላ ራቅ ያለ ነው። ሰው ሲቀመጥ ወይም ጎማው ጕድጓድ ሲመታ ክንዶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ የፊተኛው ጥርሳም ብረት፥ መታጠፊያውና የጎማው ፔርኖ በአንድ መስመር ላይ በዋሉ ጊዜ ሰንሰለቱ የሚያስፈልገው ርዝመት ከሁሉ ይበልጣል። ለዚያች ቅጽበት የተተወ ትርፍ ከሌለ፥ ውጥረቱ ሁሉ በካምቢዮው ኩሽኔታና በሰንሰለቱ ትናንሽ ካስማዎች ላይ ይወድቃል። በጁገል የድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ይህ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያልፍ አይደለም።

ይህን ለመማር ጋራዥ መሄድ እንኳ አያሻም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ይሠራሉ፤ መንገዱም በስፌት መኪናቸው ድምፅ «መኪና ግርግር» ተብሎአል። (ሞተር ሳይክልንም «ዶቅዶቄ» ያሰኘው ድምፁ ነው፤ ለመኪና ስም የሚያወጣው ጆሮ ነው መሰል።) የመኪናው ጠፍር ከልክ በላይ ሲጠብቅ መርገጫው እንደሚከብድ፥ ዘይትም ጠብታ እንጂ ጎርፍ እንደማይሻ ከእነርሱ የተሻለ አስረጂ አላገኘንም።

ይህን ዓይነቱን ሰንሰለት እ. ኤ. አ. በ1880 ዓ. ም. ያስመዘገበው፥ በማንችስተር ይሠራ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሐንስ ሬኖልድ ነው። ሰንሰለት ረዘመ ሲባል ብረቱ ተስቦ ሳይሆን ካስማዎቹ ከውስጥ ተበልተው ነውና፥ ዘይቱ ከላይ ቢያብለጨልጭ ጥቅም የለውም፤ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የባቢሌ መንገድ አቧራ ከዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ብረት ይበላል። ስለዚህ በላምባና በብሩሽ አጥበን፥ በጨርቅ አድርቀን፥ የካምቢዮ ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ እናደርጋለን። በቤንዚን ማጠብ እሳት መጥራት ነው፤ ሞተር አስነሥቶ በጨርቅ መጥረግም ጣት ያስቈርጣል።

ስናስተካክል ማርሹን ፎሌ አድርገን ጎማውን በእጅ እናዞራለን። ሰንሰለት እኩል አያልቅምና የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልገን እዚያው ላይ እንለካለን፤ በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢወዛወዝ ደኅና ነው፤ ትክክለኛውን ልክ ግን የየሞተሩ መመሪያ ይነግራል። የፔርኖውን ዳዶ አላልተን፥ በግራና በቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች ምልክታቸውን እያየን እኩል እናዞራለን፤ አለዚያ ጎማው ይጣመማል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ልኩ ሊለወጥ ስለሚችል ዳግመኛ እንለካለን። ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የፍሬኑም ዘንግ አብሮ ስለሚወጠር፥ ወደ ደንገጎ ከመነሣታችን በፊት የፍሬኑን መርገጫ እዚያው በራችን ላይ እንሞክራለን።