መስታወቱ ይታረም ወይስ መስኮቱ?

ሰሞኑን ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ የኋላ የጎን መስታወቷ በድንጋይ ተመትቶ እንደ ጨው ረገፈ። ቮልሷ እ.ኤ.አ. የ1963 ሥሪት ናት። ሶማሌ ተራ ስዞር ውዬ ያገኘሁት መስታወት ግን ከኋለኞቹ ቮልሶች የተፈታ ሆነ፤ ፋብሪካው ከ1965 ሥሪት ጀምሮ መስኮቶቹን አስፍቷቸዋልና ለእኔዋ በለጠ።

«ጋሼ፣ ዳር ዳሩ ቢሞረድስ?» አልኳቸው ሽማግሌውን መካኒክ። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ በእሳት የጠነከረ ነው። ልኩ የሚወጣው ሳይጠነክር በፊት ነው፤ አሁን ብትቆርጠው እጅህ ላይ ይበተናል።» ረዳታቸው ደግሞ የመስኮቱን ብረት ቆርጠን እናስፋው አለ። ተቆጡ። «ጣሪያውን ምን ሊሸከምልህ ነው?»

ከዚያ ካርቶን በክፍቱ ላይ አስደግፈው ቅርጹን አነሱ፤ ለጎማው የሚሆን ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀነሱለት። መሐሉ ላስቲክ ያለበትን ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት መረጡ፤ ይህኛው ይቆረጣል፣ ሲመታም ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። በሁለቱም ፊት በአልማዝ ጫሩት፣ ላስቲኩን በምላጭ ለዩት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። ጎማውን አልብሰው በቦዩ ውስጥ ሲባጎ አዞሩበት። በሳሙና ውኃ አርሰውት እሳቸው ከውጭ ሲገፉ፣ እኔ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። የጎማው ከንፈር ብረቱን እየዘለለ ገባና መስታወቱ ቦታውን ያዘ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጣቻቸው መኪና ቮልስ ነበረች። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም በዚያው ዕለት ከእርሳቸው ጋር ተሸኘ። በ1979 ሌላ ጸደቀ፤ እርሱም ከሥርዓቱ ጋር ረገፈ። ዛሬ ያለን የ1987ቱ ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት የመብት ምዕራፉን ለማሻሻል የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች ይሁንታና የሁለቱ ፌዴራል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አንድ ክልል እምቢ ካለ አይሞረድም ማለት ነው።

ጥንካሬው መብትን ለመጠበቅ እንደ ታሰበ አልክድም። ነገር ግን ሊታረም የማይችል ሕግ ክፉ ቀን ሲመታው ሙሉ በሙሉ ይረግፋል፤ ሁለት ጊዜ አይተነዋል። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ እንደዚያ ረዳት በልባቸው ለያዙት መስታወት ሲሉ ጣሪያ የተሸከመውን ብረት ሊቆርጡ ይነሣሉ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆኖም «ይቀየር» በሚለውና «አይነካ» በሚለው መካከል፣ ካርቶን ይዞ ከክፍቱ ፊት የቆመ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቸር ያሰማን።