ከቆላ ወደ ደጋ ስንሄድ ሻንጣችን ምን ይያዝ?

ክረምት ሲባል በአገራችን የሚታወሰን ዝናቡና ጭቃው ነው። የሙቀት ልብስ ያዙ እየተባልን የምንመከረውም ያን ጊዜ ነው። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ግን የሌሊቱ ብርድ የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ደመና ስለማይኖረው ምድር ቀን ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ታጣዋለች። ደጋ ደጋው ላይ ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይታያል። ይህን ሳላስብ በ2012 ዓ.ም. ለገና በዓል ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ጎጃም ተጉዤ ነበር። ታሪኩን የማጫውታችሁ ከእኔ ስሕተት ትማሩበት ዘንድ ነው።

የጉዞዬ ምክንያት የስምንት ወር ልጄን ለአያቷ ማሳየት ነበር። ባለቤቴን ሥራ ስለያዘው ሕፃኗን ይዤ ብቻዬን ተነሣሁ። አማቴ የሚኖሩት ከቡሬ ከተማ ወጣ ባለ ገጠር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ስትሆን፣ ፍኖተ ሰላም 1,900፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። እኔ ግን ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት የድሬዳዋን ፀሐይ እያየሁ ነው። ለልጄ ስስ የጥጥ ልብሶችና አንዲት ሹራብ፣ ለራሴ ነጠላ፣ ለአማቴ ስጦታ ደግሞ ያማረ ስስ ቀሚስ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ቅጣት ያገኘኝ ከአዲስ አበባ በተነሣሁበት ማለዳ ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ እንጦጦን ተሻግሮ የሱሉልታን ሜዳ ሲይዝ ብርዱ በመስኮቱ ሽንቁር ይገባ ጀመር። የልጄ ሹራብ ያለው ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣውም ያለው አውቶቡሱ ጣራ ላይ ነው! አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሁኔታዬን አይተው የጋቢያቸውን እኩሌታ ባያለብሱን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሙቀቱ እያየለ ሲሄድ እኔ ልጄን እንደ ተጠቀለለች ትቼ መልክዓ ምድሩን ሳደንቅ አንገቷ በላብ ርሷል። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ ያ ላብ በነፋሱ ቀዘቀዘ። ልብስ ማብዛት ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ሕፃን ሲሞቀው መግለጥ፣ ሲበርደው መደረብ፣ የረጠበውንም ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል።

ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ሞቅ አድርጋ ተቀበለችን። «ብርዱ የታለ?» ብዬ ተዝናናሁ። በማግስቱ ከቡሬ በጋሪ ተጉዤ አማቴ ቤት ገባሁ። እልልታው፣ ምርቃቱ፣ ቡናው ተከታትሎ መሸ። ሌሊት ግን ልጄ ማሳል ጀመረች። እኔም ደንግጬ ፍሙ በገል ወደ መኝታችን ይግባና በሩ ይዘጋ ብዬ ጠየቅሁ። አማቴ እምቢ አሉ። «ልጄ፣ በተዘጋ ቤት ፍም አሳድሮ የተኛ ሳይነሣ ይቀራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከከሰልና ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ግን ይገድላል።

ስነቃ አንድ ጋቢ በላያችን ተደርቧል። አማቴ በነጠላ ተሸፋፍነው ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። በቤቱ የነበረው ጋቢ አንድ ብቻ ኖሯል! «እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ እሷ ግን እንግዳ ናት» አሉኝ። ያመጣሁላቸውን ስስ ቀሚስ አሰብኩና አፈርኩ።

ሲነጋ ልጄን ወደ ጤና ኬላ ወሰድናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰዓቷን ይዛ የሕፃኗን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 44 ሆነ። ከ2 እስከ 12 ወር ባለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ምልክት መሆኑን አስረዳችኝ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ጡት መጥባት ያቃተው ሕፃን ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የልጄ ሕመም ጉንፋን ብቻ ሆኖ በጥቂት ቀናት ተሻላት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደለምን?

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፣ ከቆላ ወደ ደጋ ስትጓዙ የሚከተለውን አትዘንጉ። ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ተደራራቢ ስስ ልብሶች ይሻላሉ፤ በመካከላቸው የሚታገደው አየር ሙቀት ይጠብቃልና። ጋቢም የሚሞቀው በአራት እጥፍ ስለሚደረብ ነው። ለሕፃን ቆብ፣ ካልሲ፣ ሹራብና ሁለት ቅያሪ ከእጃችሁ በማይለይ ዘንቢል ያዙ እንጂ ጣራ ላይ አትስቀሉ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ሕፃኑ ከበረደው ከገላችሁ ጋር አጣብቃችሁ ከላይ ደርቡበት፤ ከእናት ገላ የበለጠ ማሞቂያ የለም።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ስጦታ ነው። ከመመለሴ በፊት በቡሬ ገበያ ወፍራም ጋቢ ገዝቼ ለአማቴ አለበስኳቸው። እየዳሰሱት፣ «አሁን ገና ልጄ መጣች» አሉ። ወደ ደጋ የምትሄዱ ሁሉ፣ ለራሳችሁ የሙቀት ልብስ ስትሸክፉ ለሚቀበሏችሁም አንድ ጨምሩ። እነርሱ ያላቸውን አልብሰዋችሁ ራሳቸው ሲበርዳቸው ያድራሉና።