የጾመኛ ጎተራ

ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጡ ተሳላሚዎች ዘወትር አንድ ነገር ይጠይቁኛል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሊፈጸም ተቃርቧል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ በአፋቸው አልዞረም፤ ሆኖም ከደብረ ዘይት ተራራ ወርደው፣ ጌቴሴማኒን ተሳልመው፣ ወደ ዴር ሡልጣን ተመልሰው ገና ለስግደት ይቆማሉ። «ይህ ጉልበት ከወዴት መጣ?» ይላሉ። ስለ ጸጋው የሚናገሩ አባቶች አሉ፤ እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍሁ ነኝና ስለ ሥጋው ጥቂት እላለሁ።

ሥጋችን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ተኝተን ሳለን እንኳ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ ጉበት ይሠራል፤ በቀን ከምናወጣው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ለዚሁ ይውላል። አንጎል ከክብደታችን ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። በቅዳሴ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰውም እንግዲህ ስንቁን እየጨረሰ ነው።

የበላነው እንጀራ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ግሉኮስ የተባለ ስኳር ሆኖ ነው። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ለስኳሩ የጡንቻንና የስብን በር ይከፍታል፤ የተረፈውም በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይከማቻል። ጉበት 100 ግራም ያህል ይይዛል፤ ጡንቻዎች በጠቅላላው የዚያን አራት እጥፍ ያህል። ጡንቻ ግን ንፉግ ነው፤ ያከማቸውን ራሱ ይበላዋል እንጂ ለሌላው አካል አያበድርም። ቸሩ ጉበት ነው። ምግብ በሌለበት ሰዓት ስኳሩን ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይለቃል፤ ከራት እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት አንጎላችንን የሚያደርሰው በአብዛኛው የእርሱ ጎተራ ነው።

ከዓርብ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ለሚያከፍል ሰው ነገሩ ይለወጣል። አንድ ቀን ያህል ሲያልፍ የጉበት ጎተራ ይራቆትና ዋናው ስንቅ ስብ ይሆናል። አንድ ግራም የእህል ስታርች 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል፤ ቀጭን የሚባል ሰው እንኳ ጥቂት ኪሎ ስብ አያጣም። ጉበት ከስቡ ኪቶን የተባለውን አዘጋጅቶ አንጎልን ይመግባል፤ ከጡንቻ ፕሮቲንም ጥቂት ስኳር ይሠራል። ጤነኛ አክፋይ ከገዛ ቤቱ እየበላ ነው ማለት ይቻላል። ጎተራ ያልተሠራለት ውኃ ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች ባለችው በኢያሪኮ በቀትር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም (ለእኔ ከትንሣኤው ዶሮ ይበልጥብኛል) ስንዴውና ባቄላው ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ስኳሩን ባንድ ጊዜ አያፈስም።

ይህ ሥርዓት የሚቆመው ግን ኢንሱሊን እንደ ጊዜው ሲጨምርና ሲቀንስ ነው። በመርፌ የተወጋ ኢንሱሊን ጾም መሆኑን አያውቅም፤ ምግብ ሳይኖር የደሙን ስኳር ያወርዳል፣ ጉበትንም እንዳይለግስ ይከለክላል። ምግቡን ትተናል ብለው መርፌውንም የሚተዉ ደግሞ አሉ፤ ቆሽታቸው ኢንሱሊን ለማያመነጭ ሰዎች ይህ ኪቶኑን ያለ ልክ አብዝቶ ደማቸውን አሲድ ያደርገዋል፤ ይገድላልም።

ከሁለት ዓመት በፊት በስቅለት ስግደት መካከል አንዲት አረጋዊት ተሳላሚ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ንግግራቸውም ተዘበራረቀ። አጠገባቸው ያሉት ድካም መስሏቸው ጠበል ሊረጩ ተነሡ። በቦርሳቸው የኢንሱሊን መርፌ አገኘን። መዋጥ ይችሉ ስለ ነበር ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጣናቸው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ልጃቸውን በስሟ ጠሩ፤ ወዲያውም «ጾሜን አፈረሳችሁብኝ» ብለው አለቀሱ። ከነዋሪ አባቶች አንዱ ከጎናቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና «እናቴ፣ ጾምዎን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ ይጻፍ» አሏቸው። ሥርዓታችን ለታመመ ሰው እንደሚራራ እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ እኚያ እናት ግን ሕመማቸውን ለነፍስ አባታቸው እንኳ አልነገሩም ነበር። መርፌ ወይም የስኳር ኪኒን ያላችሁ ሁሉ ከአገር ሳትነሡ ለሐኪማችሁ፣ ለነፍስ አባታችሁና ለጉዞው መሪ ንገሩ፤ በኪሳችሁም ስኳር ይኑር።

አምና እኚያው እናት ተመልሰው መጡ። የስቅለት ዕለት ጠዋት ሐኪማቸው ባዘዘው መጠን መርፌያቸውን ወግተው ዳቦ በሉ፤ ሌላው ሲሰግድ እርሳቸው መቋሚያ ተደግፈው እግዚኦታውን አብረው አደረሱ።