ባሕር ዛፍና ባሕር

እኛ የጃናሞራ ልጆች ‹‹ባሕር›› ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ባሕር ዛፍ ነው፡፡ አትሳቁ! የራስ ዳሸን ጎረቤት የሆነ ሰው ውኃን የሚያውቀው ከገደል ሲወረወር እንጂ ሜዳ ላይ ተኝቶ አይደለም፡፡ ስለዚህ አባባ ‹‹ባሕር ሳላይ ዓይኔን አላስነካም›› ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፡፡ አባባ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ይዟቸዋል፤ የቀኙ ጨርሶ አያይም፣ የግራው ጭላንጭል አለው፡፡ ከመካነ ብርሃን በአይሱዙ ተጭነው፣ የቧሂትን ብርድ ተሻግረው ደባርቅ ገቡ፡፡ እኔም ከአዲስ አበባ ሄጄ ተቀበልኳቸው፡፡ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጎንደር ስንደርስ ሐኪም ቤቱ ‹‹ዛሬ አይሆንም፣ ከነገ ወዲያ ኑ›› አለን፡፡ ልሟገት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ፡፡

‹‹ተወው ልጄ፡፡ ቢላዋው ጭራሹን ያጠፋው እንደሆነስ? ነገ ባሕር አሳየኝ፡፡››

የሌላ አገር ሰው አንድ ቀን እረፍት ሲያገኝ ወደ ባሕር ጠረፍ ከተማ ወርዶ፣ አሮጌ ምሽግ ጎብኝቶ፣ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል፡፡ እኛ ደግሞ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም፡፡ ግን ጎርጎራ አለችን፡፡ ውኃም አላት፣ ግንብም አላት፣ ዓሣም አላት፡፡ ምን ጎደለ?

በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርገን ወረድን፡፡ ደምቢያ ማለት ጠረጴዛ ነው! አባባ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው በደከመች ዓይናቸው ሲያዩ ቆዩና፣ ‹‹ድንጋይ የት አለ? እዚህ ያለ ግንበኛ ምን በልቶ ያድራል?›› አሉ፡፡ (አልነገርኳችሁም፣ አባባ ግንበኛ ናቸው፡፡ እኔንም ያስተማሩኝ በድንጋይ ነው፡፡)

ጣና ሲገለጥ ዝም አሉ፡፡ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፡፡ ‹‹የት ላይ ነው የሚያልቀው?›› ሲሉኝ ከወዲያ ጫፍ ባሕር ዳር እንዳለች፣ ርዝመቱም ሰማንያ ኪሎ ሜትር እንደሚያልፍ ነገርኳቸው፡፡ ስለ ቁጥሩ ግድ አልነበራቸውም፡፡ ጎንበስ ብለው ውኃውን በእፍኛቸው ዘግነው ዓይናቸውን ሊያጥቡ ሲሉ ጮህኩ፡፡

‹‹አባባ! ቀዶ ጥገና አለብዎት እኮ! ጠበል አይደለም!››

‹‹ጠበል ያልሆነው በምን ታወቀ?›› አሉኝ፡፡ ቢሆንም አፈሰሱት፡፡

ዳር ዳሩን የወረሰውን አረንጓዴ አይተው ለምለም ሳር መስሏቸው ‹‹ከብት አያበሉትም?›› ብለው ጀልባ ነጂውን ጠየቁት፡፡ እምቦጭ ነው፡፡ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የደምቢያን ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ያስለቀሰ አረም፡፡ ልጁ ሲያስረዳቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፡፡ ጀልባው ላይ ሲወጡ ‹‹በስመ አብ›› አሉ፤ እስክንወርድ ድረስ ‹‹አሜን›› አላሉም፡፡

አሮጌው ጎርጎራ ከወደቡ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውኃው የገባች ምላስ መሬት ላይ ነው፡፡ ማርያም ግንብ ይሉታል፡፡ ጣሪያው ወድቋል፣ ከግድግዳው መሐል ዛፍ በቅሏል፣ የቀረው ቅስት እንዴት እንደቆመ እሱ ይወቅ፡፡

‹‹የማን ነው?›› አሉ አባባ፡፡

‹‹የአፄ ሱስንዮስ፡፡››

ቆሙ፡፡ እውነቴን ነው፣ እግራቸው ተተከለ፡፡ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ለኔ የታሪክ ፈተና ጥያቄ ነው፤ ለአባባ ግን ትናንት የበደላቸው ጎረቤት ነው፡፡ ስሜን ድረስ ዘምቶ የቤተ እስራኤሉን መሪ ጌዴዎንን የወጋ፣ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አውጆ አገር ያፋጀ፣ በ1632 ሃይማኖቱን መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ የለቀቀ ንጉሥ፡፡ ግንቡን ያሠሩት ደግሞ ጀስዊት ሚሲዮናውያን ናቸው፡፡ ዋናቸው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እዚሁ ጎርጎራ በ1622 ሞተ፤ ይህ ፍርስራሽ ከሱ ሞት በኋላ የተነሣ ነው፡፡

‹‹የፈረንጅ ሥራ ነዋ! አልገባም፡፡››

እዚህ ላይ ክፉ ነገር ሠራሁ፡፡ የአባባ መመኪያ የደረስጌ ማርያም ነች፤ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ ቴዎድሮስ ውቤን ድል አድርጎ በ1855 እ.ኤ.አ. የነገሠባት የጃናሞራ ቤተ ክርስቲያን፡፡ እጃቸው በደህና ጊዜው አጥሯን ጠግኗል፡፡ እኔ ታዲያ የአዲስ አበባ አዋቂነቴ ተነሥቶብኝ፣ ‹‹ደረስጌ ላይም እኮ የፈረንጅ እጅ አለ፡፡ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው ሥራውን የመራው›› አልኳቸው፡፡

አልተቆጡም፡፡ ብቆጣቸው ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፡፡ ትንሽ ቆይተው፣ ‹‹መራ፡፡ እሺ፡፡ ድንጋዩን የፈለጠውስ?›› አሉ፡፡

መልስ አልነበረኝም፡፡ ያነበብኩት ሁሉ የመሪ ስም ነው፡፡

ከዚያ ገቡ፡፡ ግድግዳውን ተጠግተው በመዳፋቸው ዳበሱት፡፡ ከመጋጠሚያው ወደ መጋጠሚያው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ዓይነ ስውር ሳይሆን እንደ ግንበኛ፡፡ ኖራውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ፣ ቀመሱት (አዎ፣ ቀመሱት!)፡፡ የተቀረጸ የድንጋይ አበባ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው እያንዳንዱን ቅጠል ዞረው፡፡ ‹‹ይሄን የጠረበው ልጅ ግራኝ ነው›› አሉ፡፡ እንዴት አወቁ? የመሮው አቅጣጫ ይናገራል አሉኝ፡፡ እኔ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ ምንም አልታየኝም፡፡

‹‹ጌታው ተሳስቷል፡፡ ሠራተኛው ግን አልሰነፈም›› ብለው ነጠላቸውን አራገፉ፡፡ ስንመለስ ወደቡ ላይ ቆሮሶ ጠብሰውልን በላን፤ አባባ አጥንቱን ፈርተው ግማሹን ለኔ ተዉልኝ፡፡

ቀዶ ጥገናው ሰመረ፡፡ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር፡፡ ‹‹ከስተሃል›› አሉኝ፡፡ ቀጥለው ‹‹ያን ግድግዳ ማየት የነበረብኝ አሁን ነው›› አሉ፤ በፋሲካ ልወስዳቸው ቃል ገባሁ፡፡

በፋሲካ ኮሮና መጣ፡፡ በዚያው ክረምት ጎርጎራ ከ‹ገበታ ለሀገር› ሦስት ሥፍራዎች አንዷ ተባለች፡፡ ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ቀረበ፣ በ2015 መጨረሻ ሌላ ግጭት ተነሥቶ መንገድ ነሳን፡፡ እስካሁን አልሄድንም፡፡ አባባ ግን በስልክ ሰላምታው ሳያልቅ ይጠይቁኛል፡-

‹‹ያን ኖራ በምን እንዳቦኩት ጠየቅህልኝ?››

ማንን ልጠይቅ?